ለቅሶ ይቀድማል

ቤቴል፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 9

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ? የሐዋሳ ክረምት እንዴት ይዞሻል? ያ የሆድሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ዝንጅብል እየቀቀልሽ ከሐኪም ቤት ተደብቀሻል? ተማሪዎችሽ ለክረምቱ ስለተበተኑ ትንሽ ሳታርፊ አትቀሪም። እኛ ደህና ነን። አምሐ ደህና ነው፤ እናቴ ደህና ናት፤ አባቴ ጉልበቴ ጉልበቴ ይላል እንጂ ይንቀሳቀሳል። አክስትሽ እትዬ ወለተጻድቅም ደህና ናቸው፤ ሰሞኑን ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር የእናትሽን ቤት መስኮት ከፍተው ያናፍሳሉ። የኔን ደህንነት ግን ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ አንቺው ብትፈርጂው ይሻላል።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በቴሌግራም ጀምሬ ስንቴ አጠፋሁት መሰለሽ። እየጻፍኩ መሆኔን አይተሽ፣ ምንድን ነው እሱ፣ ተንፍሺ እንጂ ብለሽ ስትልኪልኝ ስለ ዝናቡ ጻፍኩልሽ። ወረቀት የመረጥኩት መልስሽ ቶሎ እንዳይደርሰኝ ነው። ፈሪ ነኝ። የአክስትሽ ልጅ ደሜ ነገ ጭነት ይዞ ወደ ሐዋሳ ስለሚወርድ በእሱ እጅ እልከዋለሁ። እሱ ምንም አያውቅምና ፊትሽን አታጥቁሪበት።

ባለፈው የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የእናትሽ የእማማ አርባኛ ቀን ጾም ላይ ስለዋለ ተዝካሩን ለሰማንያ እንዳደረግሽው፣ ሰማንያውም ሐምሌ መጨረሻ መሆኑን ነግረሽኝ፣ የእድሩን ድንኳን በስምሽ እንድይዝልሽ፣ ዕቃውንም እኔው እንዳወጣልሽ ጠየቅሽኝ። ያን የመሰለ ሰርግ በትንሽ ወጪ የደገሰች ሴት ለእማዬ ተዝካር ምን ያቅታታል ብለሽ ሳቅሽ። ከዚያ ድምፅሽ ዝቅ አለና ያንኑ ጥያቄሽን ደገምሽልኝ። እማዬ በመጨረሻዋ ሰዓት ስሜን አላነሳችም ወይ? አልጠራችኝም ወይ? እኔም እንደ ሁልጊዜው፣ አይ፣ በእንቅልፋቸው ነው ያረፉት ብዬ መለስኩልሽ። መልሼም ስልኩን ጨርቅ ክምር ውስጥ ወሽቄ ስፌቴን ቀጠልኩ። የሰፋሁትን በሙሉ ማታ ተረተርኩት።

እንግዲህ ስለዚያ ስለተመሰገንኩበት ቁጠባ ልንገርሽ። የምታውቂውን ከማታውቂው ጋር ቀላቅዬ ነው የምነግርሽ፤ አለዚያ አይወጣልኝም።

የአምሐ ቤተሰቦች ነጋዴዎች ናቸው፤ እነሱ ዘንድ ሰርግ ማለት አዳራሽ ነው፣ ክትፎ በጣባ ነው፣ መኪና በሰልፍ ነው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ለአዳራሽና ለዲኮር የሚወጣው ገንዘብ ዓለም ባንክ ሰፈር ያየናትን ጠባብ ሱቅ ያስይዛል አልኩ። ልብስ ስፌት የመክፈት ሕልሜን ከኔ እኩል የምታውቂው አንቺ ነሽ። ለአሻንጉሊቶቻችን ቀሚስ ልሰፋ የእናትሽን ነጠላ ጥለት የቆረጥኩ ጊዜ ትዝ ይልሻል? የገረፈችኝ እናቴ ናት እንጂ እማማስ ቀሚሱን አገላብጠው አይተው፣ ስፌቱ ደህና ነው ብለው ነበር።

እናም ቆጠብኩ። ቬሎውን ተከራየሁ። ምግብ አቅራቢውን ትቼ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስቤ ሽንኩርት አስከተፍኩ። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ጎላ ድስቱን ከእድር ወሰድኩ። ዲጄውን ደግሞ በአንቺ ተካሁት፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ እየመታች ያደገች ሚዜ እያለችኝ ለዲጄ ምን በወጣኝ? ሰፈሩ አደነቀኝ። የዘንድሮ ሙሽሮች ከሷ ይማሩ ተባለልኝ። አንቺ ብቻ ነሽ በፊቴ ቋጣሪ ያልሽኝ፤ ደግሞም እየሳቅሽ ከበሮሽን ከሐዋሳ ድረስ ተሸክመሽ መጣሽ።

አባቴ የእድሩ ዳኛ ስለሆነ ድንኳኑ እጄ ላይ ያለ ነገር መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ሳሎን አስቀምጦ የእድሩን ደንብ አነበበልኝ፤ ለገዛ ልጁ! ድንኳንና ዕቃ ለሰርግ ይፈቀዳል፤ ለቅሶ ከገጠመ ግን ለቅሶ ይቀድማል። ከዚያ መነጽሩን አወለቀና፣ ድንኳናችን አንድ ብቻ ነው፣ እማማ ጥሩብርሃን ደግሞ ደህና አይደሉም፣ ክፉ አያሰማን እንጂ አዳራሹን ብታስቢበት አለኝ። የእናትሽ ልብ እንደደከመ ያልሰማ ጎረቤት አልነበረም። እኔ ምን እንዳልኩ ልንገርሽ? እማማ የኔን ሰርግ ሳያዩ አይሞቱም ብዬ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም። መነጽሩን መልሶ አደረገና እንደማንኛውም አባል አስፈረመኝ።

በዋዜማው አግዳሚዎቹ ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን የእድሩን ስም በነጭ አቡጀዴ ሸፈንነው፤ የአምሐ ዘመዶች የለቅሶ ወንበር ላይ መቀመጣቸውን እንዳያውቁ። ድንኳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ደግሞ በፊኛና በሪባን ሸፈንን። አንቺ ወንበር ላይ ቆመሽ ከምሰሶው ጋር ቀይ ሪባን እያሰርሽ፣ የሞት ዕቃ እንዲህ ሲሽሞነሞን አይቼ አላውቅም ብለሽ አሳቅሽን። እማማ ያን ቀን ትንሽ ሻል ብሏቸው ነበር። አልጋቸው ላይ ተደግፈው፣ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ፣ ሂጂ ሚዜነትሽን ያዢ ብለው ያባረሩሽ ራሳቸው ናቸው።

እኛ ቤት አደርሽ። ሊነጋጋ ሲል ወደ ፀጉር ቤት ስንወጣ በእናትሽ በር አጠገብ ቆም አልሽና፣ ልግባና ልሳማት አልሽ። ይተኙ፣ ስንመለስ ተሸላልመሽ ያዩሻል ብዬ እጅሽን የጎተትኩት እኔ ነኝ። እስከዚህ ድረስ አንቺም ታስታውሻለሽ።

ዓለም ባንክ ፀጉር ቤት ውስጥ አንቺ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳለ እናቴ ደወለች። የእናትሽን ነገር ነገረችኝ። ድምፅዋ ይቆራረጥ ነበር። ልጅቷን አሁኑኑ ላኪያት፣ ታክሲ አሳፍሪያት አለችኝ። እኔ በመስታወቱ ውስጥ አንቺን እያየሁ ነበር፤ ጥፍርሽ እንዳይበላሽ ጣቶችሽን ዘርግተሽ እንደ ሕፃን ተቀምጠሻል። ያሰብኩትን ሳላሳምር ልጻፍልሽ። አንቺ ከሄድሽ ታለቅሻለሽ አልኩ። አንቺ ካለቀስሽ ሰፈሩ ይሰማል። ሰፈሩ ከሰማ ለቅሶ ይቀድማል፤ ድንኳኑም አግዳሚውም ጎላውም አጥር ተሻግሮ እናንተ ግቢ ይገባል። የአምሐ ዘመዶች በሚኒባስ እየወረዱ እኔ በተከራየሁት ቬሎ ሜዳ ላይ ቆሜ ታየኝ። አዳራሽ ይዤ ቢሆን ኖሮ አንቺን ልኬሽ ግብዣዬ አይፈርስም ነበር። ይህን ያን ጊዜም አውቄዋለሁ።

እናቴን እስከ ኬኩ ይቆይ አልኳት። ይሄ የሚቆይ ነገር አይደለም አለችኝ። ካንቺ አፍ ከወጣ ሰርጌን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ አልኳት፤ ለወለደችኝ እናቴ! ከዚያ ስልክሽን ከጭንሽ ላይ አንስቼ አጠፋሁት። የሚዜ ስልክ ዛሬ አይጮህም ብዬ ቀለድኩ። አንቺ ዓይንሽን ሳትገልጪ ሳቅሽልኝ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቡራኬና ከፎቶው ተመልሰን ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ ምሳ ሰዓት አልፎ እንግዳው ሁሉ ርቦት ነበር። እማዬን ልያት ስትዪኝ፣ ተኝተዋል፣ አትቀስቅሻቸው ብዬ አስቀረሁሽ። ከበሮውን ያን ጊዜ አነሳሽ። አቤት አመታትሽ! በዱላ የሚሄዱት አዛውንቶች ሳይቀሩ ተነሱ። የአምሐ አጎት ላባቸውን እየጠረጉ፣ እንዲህ ያለ ሰርግ አዳራሽ ውስጥ አይገኝም አሉኝ። እኔ ኮራሁ። የማውቀውን እያወቅሁ ኮራሁ። እናቴ ግን ተቀምጣ አልበላችም። አንዴ ከድንኳኑ ወጥታ በኩባያ አጥሚት ይዛ ወደ እናንተ ግቢ ስትገባ አየኋት። ስትመለስ ኩባያው እንደሞላ ነበር፤ እኔን ላለማየት በሌላ በኩል ዞራ ገባች።

ኬኩ ተቆረጠ። እስከ ኬኩ ያልኩት አለፈና ደግሞ እስከ ምርቃቱ አልኩ። ከምርቃቱ በኋላ ደግሞ ሽኝት አለ። አንቺን ከጎኔ ሳልለይ እነአምሐ ቤት ድረስ ይዤሽ ሄድኩና እዚያው አሳደርኩሽ። እማዬን ሳላያት አላድርም ብለሽ ትንሽ አንገራግረሽ ነበር፤ ነገ መልስ ላይ አብረን እንመለሳለን ብዬ ደለልኩሽ።

በማግስቱ ንጋት ላይ አባቴና ሽማግሌዎቹ በር አንኳኩ። መርዶ በጠዋት ነው የሚነገረው፣ ወጉ ነው አልኩ ለራሴ። ወግ የማይሸፍነው ነገር የለም፤ ከአቡጀዴም ይብሳል። አንቺ መሬት ላይ ወድቀሽ፣ መቼ፣ መቼ እያልሽ ስትጮኺ፣ ከሽማግሌዎቹ አፍ ነጥቄ፣ ትናንት ንጋት፣ እኛ ከወጣን ወዲያው፣ በእንቅልፋቸው ያልኩሽ እኔ ነኝ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። አክስትሽም በኋላ ቃሌን አላፈረሱትም፤ ልጅቷ አንጀቷ ከሚቆረጥ ብለው ዝም አሉ። አንቺ ግን አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ፣ ሰርግሽ ላይ ሞት አመጣሁብሽ፣ ይቅር በይኝ አልሽኝ። ይቅር በይኝ! እኔን!

ያው ድንኳን እናንተ ግቢ ተተከለ። አቡጀዴው ተገፎ የእድሩ ስም ወጣ። ሪባኑን ግን ለቅመው አልጨረሱትም፤ አንቺ ፍራሽ ላይ ሆነሽ ስታለቅሺ፣ በገዛ እጅሽ ያሰርሽው ቀይ ሪባን ከራስጌሽ ይወዛወዝ ነበር። አንድ ሰው ተነስቶ ይፈታዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ ማንም ልብ አላለውም፤ እኔም ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ከሰርጉ የተረፈው ወጥ ለለቀስተኛ ቀረበ። መልሱ ተሰረዘ። ያን ጊዜ በጭንቅላቴ ያለፈውን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩትም፤ እንኳን የመልሱ ወጪ ቀረልን አልኩ። ማንም አልሰማኝም። እኔ ግን ሰማሁት፤ ዛሬም እሰማዋለሁ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለም? እኔም ሱቄን ከቆጡ አወረድኩ። ይህን የምጽፍልሽ እዚያችው ውስጥ ተቀምጬ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ደንበኛ የለም፤ ብትመጣም ዛሬ አልሰፋላትም። አባቴ ዳኝነቱን ለቋል። ለሰው ጉልበቴ አላስቻለኝም ይላል። ለኔ ያለኝ ሌላ ነው፤ ደንቡን ለልጄ አንብቤ ቤቴ ካልገባ የሰው ቤት ምን ብዬ እዳኛለሁ አለኝ። እሱ ነገሩን የሰማው እንግዳው ከተበተነ በኋላ ነበር። አምሐም ቢሆን የሰማው ገና በዚህ ሳምንት ነው፤ የድምፅ መልእክትሽን እየሰማሁ ሳለቅስ ደረሰብኝና ነገርኩት። ራቱን ሳይበላ ወጥቶ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ሲመለስ፣ ድንኳኑን ከመያዝሽ በፊት ጻፊላት አለኝ።

እዚህ ድረስ አንብበሽ፣ ሰርጓ እንዳይፈርስባት መርዶ ደበቀችኝ ብለሽ ታዝኚብኝ ይሆናል። ይሄማ በሰፈራችን ያለ ነው። ሰውም ለቅሶውን አምቀው አዋሉ፣ እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው ብሎ አክስትሽን አመስግኗቸዋል። እሱ ብቻ ቢሆን መናኸሪያ ወርጄ እግርሽ ላይ እወድቅ ነበር እንጂ ወረቀት አልፈጅም ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው ንጋት ግን ባደረ ቁጥር እየጨለመብኝ ነው። የቀረውን በራሴ ቃል እየጻፍኩ ደጋግሜ ሰረዝኩት። ስለዚህ ትናንት ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ እትዬ ወለተጻድቅ የነገሩኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላልፍልሻለሁ።

ሳይቆጡ ነው የነገሩኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ከበሮው ሲጀምር እማማ ዓይናቸውን ገለጡ አሉኝ። ትራሴን ከፍ አድርጊልኝ አሉ። ማነው የሚመታው ብለው አልጠየቁም፤ ይሄ የልጄ እጅ ነው አሉ። እትዬ ወለተጻድቅ፣ ዘልዬ ልጥራት ወይ ቢሏቸው፣ እስካሁን ያላኳት ምክንያት ቢኖራቸው ነው፣ ተያት ትጫወት፣ ሲያልቅ ትመጣለች አሉ። ከዚያ ጣታቸው ጋቢው ላይ ከከበሮው ጋር ይሄድ ጀመር። ከበሮው ሲቆም ጣታቸው ይቆማል፤ ከበሮው ሲነሳ ጣታቸውም ይነሳል። አክስትሽ እጃቸውን ይዘው እያዩ ነበር። በኋላ ከበሮው እንደቀጠለ ጣታቸው ቆመ።

ስሜን አላነሳችም ወይ ላልሽኝ ያለኝ መልስ ይሄ ነው፤ እናቴ ፀጉር ቤት ስትደውልልኝ ገና በሕይወት ነበሩ። ከበሮውን መቼ እንዳነሳሽ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ።

ሰርጌን ሳያዩ አይሞቱም ብዬ ስቄ ነበር። አላዩትም፤ ሰምተውታል።

የድንኳኑን ነገር አንቺ ወስኚ። ያዢው ካልሽኝ እይዘዋለሁ፤ አግዳሚውንም ጎላውንም ራሴ አጥቤ አወጣለሁ፤ የሚሸፈን ነገር አይኖርም። እጅሽ አይንካው ካልሽኝም አምሐ ይይዘዋል፤ እኔ ከግቢያችን አልወጣም። አክስትሽን እንዳትቀየሚያቸው ብቻ እለምንሻለሁ። ዝም ያሉት ለኔ ሳይሆን ላንቺ ብለው ነው። እናቴንም እንደዚሁ፤ ሴትዮዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰርግ ቤት መሄድ ትታለች።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደሜ ከበሮሽን ይዞልሽ ይመጣል። ከሰርጉ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ቀርቶ ነበር፤ ላንቺ ልመልሰውም ላስቀረውም ፈርቼ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬው ቆየሁ። መንገድ ላይ ዝናብ እንዳይነካው ጨርቅ አልብሼዋለሁ። እኔ የሰፋሁትን ማየት ካስጠላሽ ቅደጂው፤ ከበሮውን ግን አትጣዪው። እማማ የሰሙት እሱን ነው።

የሚያጽናና አምላክ ያጽናሽ። የእማማን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን። እጅሽን ይባርክልሽ። ለኔ ደግሞ ፍርድሽን የምሸከምበት ትከሻ ይስጠኝ፤ ምንም ብትፈርጂ በዝቶብኛል አልልም።

አብሮ አደግሽ፣
ይህን ስም ከነሳሽኝም የአጥር ጎረቤትሽ